እስክስታ የምትመታ ኮመዲኖ፦ ከካርቶን እስከ ጧፍ

ቤታችን አንዲት ኮመዲኖ አለች። የላይኛው መሳቢያዋ ወደ ግራ ሸሽቷል። መካከለኛው ወደ ቀኝ። የታችኛው መሃል ላይ ረግጦ ቆሟል። እንግዳ ሲገባ መጀመሪያ እሷን ያያል፣ ቀጥሎ እኔን ያያል፣ ከዚያ "ምን ነካት?" ይላል። ምንም አልነካትም። እስክስታ ላይ ናት።

እሷን የመሰለች ኮመዲኖ እንዴት እንደምትሠሩ ላሳያችሁ ነው። መጋዝ ይዞ የማያውቅ ሰው የመጀመሪያ ሥራው ባያደርጋት ይሻላል። አንድ ሳጥን ወይም አንድ መደርደሪያ ሠርቶ የሚያውቅ ግን በሦስት አራት ቅዳሜና እሁድ ይጨርሳታል። አብዛኛው ጊዜ የሚሄደው ኮላ እስኪደርቅ በመጠበቅ ነው።

መጀመሪያ ግን የኔን ጥፋት ስሙ። የመጀመሪያዋን ስሠራ ሁሉንም ነገር አጣመምኩት። ውጪው ጠማማ፣ ውስጡ ጠማማ፣ መሳቢያው ራሱ ጠማማ። ቆማ ስትታይ ታምራለች። መሳቢያውን ስስብ ግን ግማሽ መንገድ መጥቶ ነክሶ ያዘ። ወደፊትም ወደኋላም እምቢ አለ። ጎረቤታችን የሆኑ አናጢ መጡልኝ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በርና መስኮት የሠሩ ሰው ናቸው። እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደው ዳበስ ዳበስ አደረጉና፣ "የኔ ልጅ፣ መሳቢያ እኮ መንገድ ይፈልጋል። አንተ መንገዱን ነው ያጣመምከው" አሉኝ።

ነገሩ ይኸው ነው። ጠማማነቱ ልብስ ነው። ከልብሱ ሥር ያለው ሳጥን ከማንኛውም ኮመዲኖ ይልቅ ቀጥ ማለት አለበት።

በካናዳዋ ቫንኩቨር ጃድሰን ቦሞንት የሚባል ሠሪ በእንዲህ ዓይነት የቤት ዕቃ ይታወቅ ነበር። አንደኛው ጠረጴዛው እንደ ውሻ አንድ እግሩን አንስቶ ወለሉ ላይ ይሸናል። እ.ኤ.አ. በ1985 ያቋቋመው ድርጅት ስሙ ምን መሰላችሁ? ስትሬት ላይን ዲዛይንስ። "ቀጥታ መስመር" እንደማለት ነው። መጀመሪያ ስሰማ ሳቅኩ። መሳቢያው ነክሶ ከያዘብኝ በኋላ ግን ስሙን በቁም ነገር ወሰድኩት።

ምን ምን ያስፈልጋል

12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኮምፔንሳቶ (ስስ የእንጨት ንጣፎች ተደራርበው የተጣበቁበት ሰሌዳ) አንድ ሙሉ። ሙሉው ብዙ ጊዜ 1.22 በ2.44 ሜትር ነው፤ በጥንቃቄ ከተቆረጠ ለሁሉም ይበቃል። ለጎንና ለመሳቢያ ወለል 3 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀጭን ኮምፔንሳቶ አንድ። 4 ሚሊ ሜትሩም ይሆናል፤ ግን ግትር ነው። 2 በ2 ሴ.ሜ. የሆነ ቀጭን እንጨት 6 ሜትር ያህል። ነጭ የእንጨት ኮላ፣ 3 ሴ.ሜ. ብሎን፣ ትናንሽ ምስማር፣ ስቱኮ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ቀለም።

ቺፑድ አትግዙ። ርካሽ ነው፤ አውቃለሁ። ግን በክብ ሲቆረጥ ጠርዙ እንደ ዳቦ ፍርፋሪ ይረግፋል። ጠርዙ ላይ የገባ ብሎንም አይይዝም። ኤምዲኤፍ፣ ማለትም ከደቀቀ እንጨት ተጨምቆ የሚሠራው ሰሌዳ፣ ጥሩ ይቆረጣል፤ ሆኖም ከባድ ነው፣ ውሃ ካገኘው ያብጣል፣ ብናኙም ደቃቅ ነው። በእሱ የምትሠሩ ከሆነ አፍና አፍንጫ ሸፍኑ፤ ሥራውንም ደጅ አድርጉት። ዋንዛ ያለው ሰው ለላይኛው ክዳን ያስቀምጠው። ዋንዛን በሞገድ ቅርጽ ቆርጦ ግማሹን ማገዶ ማድረግ ያሳዝናል።

ከመሣሪያ ጂግሶው፣ ቅስት የሚቆርጠው የኤሌክትሪክ መጋዝ፣ ግድ ነው። ከሌላችሁ ተዋሱ ወይም ተከራዩ። ድሪል፣ ስኳድራ፣ ሜትር፣ ውሃ ልክ፣ ቱንቢ፣ የቻላችሁትን ያህል ሞርሳ። አንድ ሁለት ያረጀ የብስክሌት ከመነዳሪም ያዙ። ለምን እንደሆነ በኋላ ታያላችሁ።

አንደኛ፦ ካርቶን ላይ ጨፍሩ

የፍሪጅ ወይም የቴሌቪዥን ካርቶን አምጡ። ቁመቱ 70፣ ስፋቱ 50 ሴ.ሜ. የሆነ ቁራጭ አውጡ። ይህ የኮመዲኖዋ ፊት ነው።

በመጀመሪያ የሚሳለው ሞገዱ አይደለም። የመሳቢያዎቹ ቀዳዳዎች ናቸው። ሦስት አራት ማዕዘኖች፣ እያንዳንዳቸው 26 ሴ.ሜ. ስፋት፣ 14 ሴ.ሜ. ቁመት። የታችኛው ከካርቶኑ ግርጌ 6 ሴ.ሜ. ከፍ ብሎ ይጀምራል። በመካከላቸው 6፣ 6 ሴ.ሜ. ተዉ። ከላይ 10 ሴ.ሜ. ይተርፋል።

አሁን ይጨፍሩ። የታችኛው ልክ መሃል ላይ ይቀመጥ። መካከለኛውን 4 ሴ.ሜ. ወደ ቀኝ ግፉት። የላይኛውን 4 ሴ.ሜ. ወደ ግራ። ልብ በሉ፦ አላዘነበሉም። ሦስቱም እንደ ውሃ ልክ ቀጥ ብለው ነው ቦታ የቀየሩት። ጎበዝ ጨፋሪ አይታችሁ ከሆነ ትከሻው ይሄዳል እንጂ እግሩ መሬቱን አይለቅም።

ከዚያ በኋላ ነው በዙሪያቸው የሞገዱ መስመር የሚሳለው። በነጻ እጅ አትሞክሩት፤ መስመሩ ይንቀጠቀጣል፤ እንጨት ላይ ሲመጣ ደግሞ መንቀጥቀጡ እጥፍ ሆኖ ይታያል። እኔ የሰፌድ ጠርዝ ነው የተጠቀምኩት። የምጣድ ክዳንም ይሆናል። ሰፌዱን ከውጪ አስጠግታችሁ አንድ ቅስት ወደ ውስጥ፣ ገልብጣችሁ አንድ ቅስት ወደ ውጪ። ሁለቱ የሚገናኙበትን በእጅ ለስለስ አድርጉት። የሰፌድ ክብ የሚመረጥበት ሌላም ምክንያት አለ፤ ከዚያ የጠበቀ ቅስት ላይ ቀጭኑ ኮምፔንሳቶ ሊሰነጠቅ ይችላል።

አንድ ሕግ ብቻ አክብሩ። የሞገዱ መስመር ከየትኛውም ቀዳዳ ጠርዝ ቢያንስ 3.5 ሴ.ሜ. ይራቅ።

ቅርጹ ከእስክስታ መምጣት የለበትም። በአሜሪካ ቨርጂኒያ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ ዲዛይነር ጆሞ ታሪኩ የአንዱን ወንበሩን መደገፊያ ከደጋ አጋዘን ቀንድ ወስዶታል። ሌላ በርጩማው መነሻው ሙቀጫ ነው። እናንተም ቤታችሁ ውስጥ ዞር ዞር በሉ። የጀበና አንገት ጥሩ ኮመዲኖ ይወጣዋል ብዬ አስባለሁ፤ እስካሁን አልሞከርኩትም።

አሁን ትወድቅ እንደሆነ እናጣራ። ዙሪያውን ብቻ ቁረጡ፤ ቀዳዳዎቹን ገና አትንኩ። የካርቶኑን አንድ ማዕዘን በምስማር ወጉና ግድግዳ ላይ በነጻነት እንዲንጠለጠል አድርጉ። ከዚያው ምስማር ላይ ቱንቢ ልቀቁ። ክሩ ያለፈበትን በእርሳስ አስምሩ። በሌላ ማዕዘን ድገሙት። ሁለቱ መስመሮች የተቋረጡበት ነጥብ የክብደቱ መሃል ነው። ከዚያ ነጥብ ወደ ታች ቀጥ ያለ መስመር አውርዱ። መስመሩ የግርጌውን ስፋት በሦስት ብትከፍሉት መሃለኛው ክፍል ላይ ካረፈ ደህና ናት። ወደ ዳር ከሄደ የላይኛውን ትከሻ ትንሽ መልሱ። ካርቶን ነው፤ አሥር ጊዜ ብትቆርጡት አይቆጭም።

ሁለተኛ፦ ፊትና ጀርባ

ከ12 ሚሊ ሜትሩ 50 በ70 የሆኑ ሁለት ቁራጮች አውጡ። አንዱን በሌላው ላይ ደርባችሁ በሞርሳ እሰሩ። የካርቶኑን ቅርጽ አሳርፉና ሁለቱንም አንድ ላይ ቁረጡ። ለየብቻ ከተቆረጡ መቼም አንድ አይሆኑም። ጂግሶውን አትግፉት። በራሱ ፍጥነት ይሂድ። ሲገፋ ምላጩ ከታች ይታጠፍና የታችኛው እንጨት ከላይኛው ሌላ ቅርጽ ይዞ ይወጣል።

ሳትለያዩዋቸው በሁለቱም ላይ "ፊት"፣ "ጀርባ"፣ "ላይ" ብላችሁ ጻፉ። እኔ አልጻፍኩም ነበር። ጀርባውን ገልብጬ አስቀመጥኩና ግማሽ ሰዓት ለምን አልገጥም አለ እያልኩ ከራሴ ጋር ተጣላሁ።

ቀዳዳዎቹ ፊቱ ላይ ብቻ ናቸው የሚወጡት። በማዕዘኖቻቸው በድሪል ብሱና ጂግሶውን በዚያ አስገቡ።

ሦስተኛ፦ ማንም የማያያቸው ሦስት ሳጥኖች

እዚህ ጋ ነው ጠማማ ዕቃ የሚበላሸው ወይም የሚሳካው። ለእያንዳንዱ መሳቢያ ፊትና ኋላው ክፍት የሆነ ሳጥን ትሠራላችሁ። ሁለት ጎን፣ እያንዳንዱ 33 በ14 ሴ.ሜ.። አንድ ወለልና አንድ ጣሪያ፣ እያንዳንዱ 33 በ28.4። ጎኖቹ በወለሉና በጣሪያው መካከል ይገባሉ። ውስጡ ያኔ ልክ 26 በ14 ይሆናል። በኮላና በብሎን እሰሩት፤ ብሎኑ ከመግባቱ በፊት በቀጭን መብሻ ብሱለት፤ አለዚያ ጠርዙ ይሰነጠቃል።

ኮላው ሳይደርቅ ሰያፉን ለኩ። ከአንዱ ማዕዘን ወደ ተቃራኒው፣ ከዚያ ሌላውን። ሁለቱ ልኮች እኩል ከሆኑ ሳጥኑ ቀጥ ነው። 2 ሚሊ ሜትር ቢለያዩ ረጅሙን ሰያፍ በሞርሳ ጨምቁት። "ይሁን፣ ምን ችግር አለው" አትበሉ። እኔ ብዬ ነበር።

አሁን ፊቱን በግንባሩ ጠረጴዛ ላይ አስተኙት። ሳጥኖቹን በየቀዳዳቸው ትይዩ አቁሙ፣ ኮላ ቀቡ፤ ኮላው ሲይዝ ቀና አድርጋችሁ ከፊት በኩል በብሎን እሰሩ። የብሎኑን ጭንቅላት ቀበር አድርጉት፤ ስቱኮ ይሸፍነዋል። ከዚያ መልሳችሁ አስተኙትና ጀርባውን ከላይ ግጠሙ። ሲነሣ ሁለት ጠማማ ሳንቃዎች በሦስት ቀጥ ያሉ ሳጥኖች ተያይዘው ታያላችሁ። አስቀያሚ ነው። አትደንግጡ።

አራተኛ፦ ጎድንና ቆዳ

ቀጭኑን እንጨት በ33 ሴ.ሜ. እየቆረጣችሁ በፊቱና በጀርባው መካከል፣ በሞገዱ ጠርዝ ላይ፣ በየ9 ሴ.ሜ. አንድ አንድ ግጠሙ። እነዚህ ጎድኖቿ ናቸው። ጎድኑ ከሳንቃው ጠርዝ ጋር እኩል ይሁን፤ ከወጣ ቆዳው ላይ እንደ እብጠት ይታያል። ከላይና ከታች ደግሞ ከ12 ሚሊ ሜትሩ ጣሪያና ወለል ቆርጣችሁ በሁለቱ ሳንቃዎች መካከል አስገቡ።

ቀጥሎ ቆዳው፤ ጎኖቿን የሚሸፍነው ቀጭኑ ኮምፔንሳቶ ማለት ነው። ቁመቱን በሜትር አትለኩት፤ በሲባጎ ነው። ሲባጎውን ሞገዱን ተከትላችሁ አስኪዱና ዘርግታችሁ ለኩ። የኔ 70 ሴ.ሜ. ቁመት 74 ሆኖ ወጣ። ሁለት ሴ.ሜ. ጨምራችሁ ቁረጡ። ስፋቱም 36 ይሁን፤ ትርፉ በኋላ በመላጊያና በብርጭቆ ወረቀት ይወርዳል።

ከመቁረጣችሁ በፊት ግን ቀጭኑን ኮምፔንሳቶ በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ ጎንበስ አድርጉት። ከዚያ አዙራችሁ ድገሙት። በአንደኛው በኩል እሺ ይላል፣ በሌላው ይገትራል። ሦስት ንጣፍ ባለው ቀጭን ኮምፔንሳቶ ሁለቱ የውጪ ንጣፎች የእንጨት ክራቸው ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። የመሃሉ ብቻ ይቋረጣቸዋል። ስለዚህ የውጪው ክር ከፊት ወደ ኋላ እንዲሄድ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ ሞገዱ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ይህን የተሳሳተ ሰው ቆዳውን ሲያጎብጥ ጧ! ብሎ ይሰማዋል።

ሁለቱን ገጽ በለብ ያለ ውሃ አርሱት። ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቁ። ኮላ ሳትቀቡ በሞገዱ ላይ አሳርፋችሁ እሰሩትና እስከ ነገ ተዉት። በማግስቱ ቅርጹን ይዞ ታገኙታላችሁ። ኮላ የሚቀባው ያኔ ነው። እርጥብ እንጨት ላይ ነጭ ኮላ በደንብ አይዝም።

ሲታሰር ታዲያ ችግሩ ሁለት ዓይነት ነው። ሆዱ ወደ ውጪ የወጣው ቦታ ቀላል ነው። ከመነዳሪውን በርዝመቱ ሰንጥቃችሁ እንደ መቀነት ዙሪያዋን ጠበቅ አድርጋችሁ ጠምጥሙ። ከስንት ሞርሳ ይበልጣል። ወደ ውስጥ የገባው ቦታ ግን ከመነዳሪው ሲጠብቅ ከላይ ያልፈዋል፤ ቆዳው ከሥሩ አየር ይዞ ይነሣል። መላው ኮመዲኖዋን በጎኗ አስተኝቶ ጉድጓዱ ላይ አሸዋ የሞላበት ከረጢት መጫን ነው። አሸዋ ቅርጹን ይከተላል። ሁልጊዜ ከጉድጓዱ ጀምሩ፣ ወደ ጉብታው ሂዱ። ከጉብታው የጀመረ ሰው ጉድጓዱ ጋ ሲደርስ ቆዳው ያጥረዋል።

አንደኛው ንጣፍ ከደረቀ በኋላ ሁለተኛ ንጣፍ በላዩ ለጥፉ። ሁለት ቀጭን ቆዳ አንድ ላይ ሲለጠፍ የራሱን ቅርጽ ይዞ ይቆማል፤ በእጅ ሲነካም እንደ ከበሮ ባዶ አይጮህም።

አምስተኛ፦ መሳቢያዎቹና ጭምብላቸው

መሳቢያው ተራ ሳጥን ነው። የውጪ ስፋቱ 25.7፣ ቁመቱ 13.5፣ ጥልቀቱ 32 ሴ.ሜ.። በየጎኑ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ክፍተት ይኖረዋል ማለት ነው። ወለሉን ከሥር አትምቱት። ከውስጥ ቀጫጭን ድጋፍ ለጥፋችሁ በላዩ አሳርፉት። ያኔ መሳቢያው የሚንሸራተተው በሁለቱ ጎኖቹ የታች ጠርዝ ብቻ ነው፤ ይቀለዋል። የብረት ሐዲድ ከመረጣችሁ በየጎኑ 13 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚበላ መሳቢያውን አጥብቡ፤ ሐዲዱንም ሳጥኖቹ ከመገጠማቸው በፊት እሰሩ። እኔ ጧፍ እመርጣለሁ። የጎኖቹን የታች ጠርዝ በጧፍ አሸት አሸት ማድረግ ነው።

አሁን ጭምብሉ፤ መሳቢያዎቹ ፊት ላይ የሚገጠመው ጠማማ ሰሌዳ ማለት ነው። ከ12 ሚሊ ሜትሩ 58 ሴ.ሜ. ቁመት ያለው አንድ ቁራጭ ውሰዱ። ጎንና ጎኑ የኮመዲኖዋን ሞገድ ይከተል፤ ከውጪው ጠርዝ 2 ሴ.ሜ. ወደ ውስጥ ገባ ብሎ። ከዚያ በሁለት አግድም ሞገዶች ሦስት ቦታ ክፈሉት። ሞገዶቹ በቀዳዳዎቹ መካከል ባለው 6 ሴ.ሜ. ውስጥ ይዋኙ፤ ከመሃሉ ከ1.5 ሴ.ሜ. በላይ አይውጡ። ከአንድ ሰሌዳ ስለተቆረጡ የአንዱ ጉብታ የሌላው ጉድጓድ ውስጥ ይገጥማል። መጋዙ የበላው ክፍተት ራሱ ይበቃል።

ሲገጠም መሳቢያዎቹን ዝጉ። ጭምብሎቹን ባለሁለት ፊት ፕላስተር ለጥፋችሁ ቦታ አስይዟቸው። ደህና ከሆኑ መሳቢያውን ቀስ ብላችሁ ስባችሁ ከውስጥ በሁለት ብሎን እሰሩ። ከዚህ በኋላ ያያት ሰው ሁሉ መሳቢያዎቹ ጠማማ ናቸው ብሎ ይምላል።

ለመያዣ ከአሮጌ ቀበቶ የተቆረጠ ቆዳ አጥፌ በአንድ ብሎን አሰርኩ።

ቀበቶ ካነሣን አይቀር፣ ይህ ሁሉ ሥራ የበዛበት ሰው ሌላ መንገድ አለው። ሆላንዳዊው ቴዮ ሬሚ እ.ኤ.አ. በ1991 ከየቦታው የለቀማቸውን አሮጌ መሳቢያዎች ለእያንዳንዳቸው አዲስ ሳጥን ሠርቶ፣ ዝም ብሎ ከመራቸውና በአንድ ሰፊ ማሰሪያ ጠፈራቸው። አለቀ። ምናለሽ ተራ ሄዳችሁ ወይም ቆራሌውን ጠብቃችሁ ብቸኛ መሳቢያ ለቅሙ፤ ሦስተኛውን ደረጃ ብቻ ተከተሉ። ከባዱን ከታች አድርጉ።

ስድስተኛ፦ እግርና ግድግዳ

የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ በሦስት እግር ይቆማል፤ ሦስት እግር ወለሉ ወጣ ገባ ቢሆንም አይንገዳገድም። ለኮመዲኖ ግን አልመክርም። መሳቢያ ሲሳብ ክብደቱ እግር ወደሌለበት ማዕዘን ይሄዳል። አራት እግር፣ ወደ ዳር የተጠጉ፣ 8 ሴ.ሜ. ቁመት። ሁለቱን ፊተኞች ትንሽ ወደ ውጪ ብታዘነብሉ ያምርባታል።

የላይኛው ክዳን ላይ ውሃ ልክ አስቀምጡ። ክዳኑ ቀልድ አያውቅም። ሻይ የሚቀመጥበት ነው።

ከዚያ ሦስቱንም መሳቢያዎች ዕቃ ሞልታችሁ እስከ ግማሽ ሳቧቸው። ወደፊት ካዘነበለች አትገረሙ፤ ቀጥ ያለ ኮመዲኖም እንዲህ ያደርጋል። በኤል ቅርጽ ብረት ከኋላ ከግድግዳ ጋር እሰሯት። ልጅ ያለበት ቤት ይህ ምርጫ አይደለም፤ ልጆች መሳቢያን እንደ ደረጃ ነው የሚያዩት።

ቀለሙ

ስቱኮ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ እንደገና ስቱኮ። በ80 ቁጥር ጀምሩ፣ በ120 ቀጥሉ፣ በ220 ጨርሱ። ሞገድ ላይ ብርጭቆ ወረቀቱን በጠፍጣፋ እንጨት ላይ ሳይሆን በወፍራም ስፖንጅ ላይ ጠቅልላችሁ እሹት። መጀመሪያ የመሠረት ቀለም፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ ዋናው ቀለም።

እኔ ሰውነቷን ነጭ ቀባሁና በመሳቢያዎቹ ጠርዝ የቀሚስ ጥበብ የመሰለ ቀይና አረንጓዴ መስመር በፕላስተር እየከለልኩ አስገባሁባት። ፕላስተሩ ቀለሙ ሙሉ ለሙሉ ሳይደርቅ ነው የሚነሣው፤ ከደረቀ ጠርዙን ይዞ ይላጣል። የሳጥኖቹን ውስጥና የመሳቢያውን ጎኖች ግን አትቀቡ። ቀለም ከቀለም ጋር ይጣበቃል፤ ያቺ ሚሊ ሜትር ተኩልም ታልቃለች።

ክረምት ሲገባ እንጨቱ እርጥበት ይጠጣና መሳቢያዎቹ ጠበቅ ይላሉ። በመጋዝ አትቸኩሉባቸው። ጧፍ ድገሙላቸው። የኔ መካከለኛው ሐምሌ ላይ ትንሽ ያንቋርራል፣ ጥቅምት ላይ ዝም ይላል።